በጎረቤቴ ስም ስለተመዘገበው እሳት ማጥፊያዬ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእሳት ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮልፌ ቀራንዮ

ጉዳዩ፦ እሳት ማጥፊያ እያለኝ «የለዎትም» ተብሎ የታሸገው ሱቄ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ ሸዋገነት መዝገቡ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ከተደረደሩት ሱቆች በመጨረሻው የሙሽራ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ነኝ። ሱቄ ከገና ሰሞን ጀምሮ እንደታሸገ ነው።

1. በእኛ መደዳ እሳት ማጥፊያ የገዛሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ውሎዬ ከጨርቅና ከካውያ ጋር ስለሆነ እሳት እፈራለሁ።

2. ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሁልጊዜ ከላይኛው ሱቅ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ መሣሪያዬን ጎረቤት ሁሉ እንደ ወንፊት ይዋሰዋል፤ አንዱ ሱቅ ታይቶ ሲያበቃ በጓሮ በር ወደ ቀጣዩ ይተላለፍና መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ይደርሳል። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጎረቤት ሲለምነኝ ግን እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

3. ዘንድሮ ሁለተኛ ቡድን ሳይታሰብ ከታች በኩል መጥቶ ከእኔ ጀመረ። መሣሪያዬ በዚያ ሰዓት ከጎኔ ካፌ ባላቸው በአቶ ፈቀደ ቀነኒሳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። «ጎረቤት ነው ያለው» ብዬ ሮጥኩ። የላይኛው ቡድን ግን «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ከነካፌው ስም ለጥፎበት አገኘሁት። ተሸክሜው ስመለስ «የሰው ንብረት ይዘው ሊያታልሉን ነው?» ተባልኩ። በገዛ ዕቃዬ አታላይ ተብዬ ሱቄ ታሸገ! ከመደዳችን የመብራት ቆጣሪ ላይ የተንጠለጠለውን የተላጠ ሽቦ ግን ከሁለቱም ቡድን ቀና ብሎ ያየው የለም።

4. ቢሯችሁ መመላለስ ሰልችቶኛል። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሌላ ቀን ሲስተም የለም። የገዛሁበትን ደረሰኝ ሳሳይ «መዝገቡ ላይ የካፌው ነው፤ ባለካፌው መጥተው የእኔ አይደለም ይበሉ» ተባልኩ። እሳቸው ይህን ካሉ የሚታሸገው የእሳቸው ቤት ነው። ምን ብዬ ልለምናቸው? አልለመንኳቸውም።

5. ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በታሸገው በር ውስጥ የሜቲ ቬሎ ተሰቅሎ መቅረቱ ነው። ሜቲ የአቶ ፈቀደ ልጅ ናት፤ ሠርጓ የፊታችን እሑድ ነው። የቬሎው ጫፍ ገና አልተሰፋም። በመስታወቱ ይታየኛል፣ ልነካው አልችልም። ትናንት ልጅቷ መጥታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ስታየው ቆየች። አባቷ ከካፌያቸው በር ላይ ቆመው ነበር። እኔን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።

ስለዚህ ሱቄ ከእሑድ በፊት እንዲከፈትልኝ፣ መሣሪያዬ በስሜ እንዲመዘገብልኝ፣ ሽቦውም በባለሙያ እንዲታይልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ሰው ልከው ቬሎውን ብቻ ያስወጡልኝ። ደጅ ተቀምጬም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

እየተናደድኩም ቢሆን፣ ከሰላምታ ጋር

ሸዋገነት መዝገቡ
(ፊርማ)

ከአመልካቿ ፊርማ በታች የተጨመረ፦

ወይዘሮ ሸዋገነት አልለመኑኝም። ማመልከቻ መጻፋቸውን ሰምቼ፣ ራሴ ጠይቄ አንብቤው ነው የፈረምኩት። እሳት ማጥፊያው የእሳቸው ነው፤ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ካፌዬን ማሸግ ካለባችሁ አሽጉት፤ ሠርጉን በድንኳን እናደርገዋለን። የልጄ ቬሎ ያለበትን ሱቅ ግን ክፈቱልን።

ፈቀደ ቀነኒሳ፣ የሙሽራዋ አባት
(ፊርማ)