ድግሱ ለሚካኤል ይሁን

ባሕር ዳር፥ ጥቅምት 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ፤

ሰላምታዬ ከጉልበትዎ ሥር ይድረስ። ወገብዎን ያመመዎ ቀለል አለዎ ወይ? ዱርቤቴ ላይ ያለ ወራቱ ዝናም ጥሏል ሲባል ሰምቼ ለጤፉ ሠጋሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ማስተማሩንም አላቋረጥሁም።

ለታናሽ ወንድሜ ለክንዱ ተዝካር ጌሾው እንደ ተወቀጠ፥ በሬውም እንደ ተመረጠ የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ሬሳው ሳይገኝ ሦስት ዓመት ጠብቀዋል፤ ማንም አይወቅስዎትም። ሐሳቤን ከመግለጤ በፊት ግን ስለ አንድ የጣና ጉዞ ላጫውትዎ።

ከቡልጋሪያ የመጡ እንግዶች ሐይቁን ሊጎበኙ ሲነሡ፥ አገራቸው የተማርሁ ነኝና በአስተርጓሚነት ታዝዤ በጀልባ አብሬ ሄድሁ። ከጽሕፈት ቤት የተመደበው ጓድ አምባቸውም ነበር። ጉማሬ አየን፤ ዓሣ በታንኳ ከጫኑ የቁንዝላ ሰዎች ጋር ሰላምታ ተለዋወጥን። ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ስለ ነበረች፥ ሴት የማይገባበት ደሴት ስንደርስ ከጀልባው አልወረድንም፤ መነኮሳቱ ራሳቸው ዳቦና ጠላ ይዘው ወደ ዳሩ መጡ።

ጠላውን የሚቀዳው ወጣት መነኩሴ ነበር። እንደ ወጉ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና በግራ እጁ ይቀዳ ጀመር። አበምኔቱ አባ ወልደ ገብርኤል፥ «ኧረ በቀኝህ! እንግዳ ፊት!» ብለው ቢቆጡት፥ «ይፍቱኝ አባቴ፤ እናቴም ግራ እጄን በመቀነቷ አስራ አልቻለችኝ» አላቸው። ጓድ አምባቸው «ተዉት፥ ግራማ የእኛ ወገን ነው!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አገሩን ጠየቀው። መነኩሴው ቀና ብሎ እኔን አየና «ጎርጎራ» አለ። እኔም ለእንግዶቹ «ጎርጎራ» ብዬ እንደ ሰማሁት ተረጎምሁ።

ዋንጫውን ስቀበለው ጠላው እጄ ላይ ፈሰሰ። «አይዞህ ወንድም፥ ማዕበሉ ነው» አለኝ። ውሃው ግን ረግቶ ነበር።

አሁን ወደ ድግሱ ልመለስ። ጌሾው ከተወቀጠ፥ ጎረቤትም ከተጠራ አይተዉት፤ ነገር ግን ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ይሁን። ፍትሐት አያስፈቱ። በሬውም ይቆይ፤ ለዝክር ዳቦና ጠላ ይበቃል። ምክንያቱን የሚጠይቅ ቢኖር፥ ቆጥቡ ተብለናል ይበሉ። ጥቁር ልብስዎን ግን አያውልቁ፤ ሰው ሊያጽናናዎ ሲመጣ እንደ ወትሮው አብረው ያልቅሱ። ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እለምንዎታለሁ።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን አንብበው ሲጨርሱልዎ ወረቀቱን ለእሳት ማያያዣ ያድርጉት። ከዝክሩ ዳቦ አንድ ሙልሙል ይላኩልኝ፤ እኔ ባልበላው ሐይቁ ላይ የሚበላው አይጠፋም።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ከልጆችዎ ታላቁ