«ወደ» ነው ወይስ «ውስጥ»?

ረቡዕ፣ ግንቦት 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቁርጡባ ሰፈር፣ ዓረብ አገር

ልብስ ስተኩስ የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ኑራ የላቲን ትምህርቷን በላፕቶፕ ጨረሰችና እንደ ልማዷ ለእኔ ታስረዳኝ ጀመር።

«‹ኢን› የምትባለው ቃል አትለወጥም» አለች። «የሚለወጠው ከኋላዋ ያለው ስም መጨረሻው ነው። ‹ኢን ኡርቤም› ካልሽ ወደ ከተማ መግባትሽ ነው፤ ‹ኢን ኡርቤ› ካልሽ ግን ከተማው ውስጥ ነሽ።»

ገና ሳልመልስላት ስልኬ ጮኸ። ሌላ ሰፈር፣ ሐዋሊ፣ የምትሠራው እህቴ አልማዝ ናት። ከሰኞ ጀምሮ ያስላታል። የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ሆስፒታል»። ወደዚያ እየሄደች ይሁን እዚያ ውስጥ ተኝታ አላወቅሁም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ካውያውን ነቀልኩት።

ማዳምን እንድሄድ እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። «ሰዓት እላፊ ነው፤ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም» አለችኝ። ክፋት አይደለም፣ እሷም ወረርሽኙን ፈርታለች።

ከሰዓት በኋላ አልማዝ ራሷ ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«አስተኝተውኛል፣ እታለም። ኦክስጅን አድርገውልኛል። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

ስልኩ ተቋረጠ።

አሁን እማዬ እየደወለች ነው። ሦስተኛ ጥሪዋ ነው። ካነሳሁ ከድምፄ ታውቅብኛለች፤ ካላነሳሁም…