ስላረምኩብህ ሩሲያኛ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞላ። አርባህ አልፏል፣ ሙት ዓመትህ ገና ነው። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመልሶ እኔና እማዬ ብቻችንን ቀርተናል። ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንዴ በሩሲያኛ ልጽፍልህ ሞክሬ ነበር፣ ሁለት መስመር አልገፋሁም። በአማርኛ ይሁን።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ መኝታ ቤታችሁን ዘግታ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። ለምን ስላት ወገቤን ይሻለኛል ትላለች። በየዓመቱ "ለሚቀጥለው ክረምት" ስትለው የነበረውን ጣሪያ አሠርተነዋል፣ አሁን አያፈስም። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ከበራችን ፊት የነበሩት ባሕር ዛፎች ተቆርጠዋል። ከመስኮቱ ወደ ውጭ ስመለከት የማላውቀው ሰፈር የገባሁ ይመስለኛል። ኦቦ ቶሎሳ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። በር ላይ ቆመው "አካም ጅርቱ?" ይላሉ፣ እማዬ በኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች፣ ገብተው ካንተ ወንበር አጠገብ ባለው ላይ ይቀመጣሉ። የገፈርሳ ግድብ ውሃ ምን ያህል እንደሞላ ይነግሩናል። እኔና እማዬ ስለ ውሃው ምን ይገባናል? ግን ሃያ ስድስት ዓመት አብራችሁ ስትሠሩ የለመዱት ወሬ ስለሆነ ይነግሩናል፣ እኛም እንሰማለን።

እኔ ትምህርቴን አቋርጬ እዚሁ ቡራዩ ነኝ። ለምን እንዳቋረጥኩ ሰው ሲጠይቀኝ "አባቴ ሞቶብኝ" እላለሁ፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላ ጥያቄ አይከተልም። እውነተኛውን ምክንያት የምነግረው ላንተ ነው።

ፊደሉን ያስተማርከኝ ግድቡ ላይ ነበር፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ። በወጣትነትህ ቮሮኔዥ ድረስ ሄደህ የውሃ ምሕንድስና ተምረህ ስትመለስ የተመደብከው ገፈርሳ ነው፣ ጡረታ እስክትወጣም ከዚያ አልተነቃነቅክም። ቅዳሜ ተረኛ ስትሆን ይዘኸኝ ትሄዳለህ። በእንጨት አፈር ላይ እየጫርክ ፊደል ታስቆጥረኛለህ፣ ከዚያ ያየነውን ሁሉ በሩሲያኛ ትጠራልኛለህ። ውሃው ቫዳ ነው፣ ግድቡ ፕላቲና። "ፕላቲና" ስትል አንተ ብቻህን የገነባኸው ይመስል ደረትህን ትነፋ ነበር። እዚያ አገር ይህን የሚያህል ውሃ ጠጥሮ ሰው በላዩ ላይ ይሄድበታል ያልከኝ ቀን ደግሞ "አባዬ ዋሸኝ" ብዬ ለእማዬ ከስሼሃለሁ።

ታክሲ ውስጥ በሩሲያኛ ስናወራ ሰው ዞሮ ያየን ነበር። ከአስኮ ስንመለስ አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ትዝ ይሉሃል? "ልጅቷን ምን ቢሏት ነው እንዲህ የምትስቀው?" ሲሉህ፣ "እናቷን እያማናት ነው፣ በአማርኛ ቢሆን ነውር ነው" አልካቸው። ሴትዮዋ ቡራዩ እስክንደርስ ሳቁ።

አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ታክሲ እየቀያየርኩ ሄጄ፣ ስተይብ ውዬ፣ ማታ ደክሞኝ ስገባ "ካክ ዲላ?" ትለኛለህ፣ እንዴት ዋልሽ ማለትህ ነው። ከዚያ ውጪ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ የምሰማው ነገር አልነበረም። የነፃ ትምህርት ዕድሉን ማስታወቂያ ያገኘኸውም አንተ ነህ። ሁለተኛ ዲግሪ፣ በሩሲያ ቋንቋና የአካባቢ ጥናት፣ ቋንቋውን ከአገሩ ታሪክና ከሕዝቡ ኑሮ ጋር። ወረቀቱን አትመህ መጥተህ እራት ላይ አነበብክልን።

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሩሲያኛ ተምራ የት ልትቀጠር ነው?"

"የት እንደምትቀጠር አላውቅም" አልክ። "ምን እንደምትወድ ግን አውቃለሁ።"

ሄድኩ። የመጀመሪያው ዓመት የሩሲያው ብርድም ትምህርቱም ከበደኝ፣ ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልልኛለህ፣ ሳምንቴን በሩሲያኛ እተርክልሃለሁ፣ አንተም የድሮ መምህራንህን እያስመሰልክ ታስቀኛለህ። ሩሲያኛህ ከእኔ ይሻል ነበር። በዚያ ዓመት የምታርመው አንተ፣ የምታረመው እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ተገለበጠ። "ሞይ ዶችካ" ብለህ ሰላም አልከኝ። ልጄ ማለትህ ነበር፣ ግን "ሞይ" ለወንድ ነው፣ ለሴት "ማያ" ነው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

"ማያ ነው፣ አባዬ" አልኩህ።

ሳቅህ። "አረጀሁ መሰለኝ" አልክ።

በሳምንቱ ደገምከው። ኅዳር ላይ ስለ ሥራህ ዘመን ስታጫውተኝ መሀል ላይ ቆምክ። "ያ... ውሃውን የሚይዘው... ግድግዳው" አልክ።

"ፕላቲና!" አልኩ፣ ክፍል ውስጥ ቀድማ እንደምትመልስ ተማሪ።

"አዎ፣ እሱ" አልክ። ቃሉን ግን አልደገምከውም።

ያኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ደብተር አወጣሁ። በዚያ መንፈቅ ሰው ለረጅም ዘመን ያልተጠቀመበትን ቋንቋ እንዴት እንደሚረሳ የሚያጠና ኮርስ ነበረን፣ ለጽሑፌ ርዕስ አጥቼ ስጨነቅ ርዕሱ ራሱ በስልክ መጣልኝ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ስታወራ እጽፍ ነበር። ቀኑን፣ ልትል የፈለግከውን፣ ያልከውን። ቃል ሲጠፋህ ስንት ሰከንድ ዝም እንዳልክ ሳይቀር መዝግቤአለሁ። ስትሳሳት ደስ ይለኝ የነበረበት ጊዜ አለ፣ አባዬ። እውነት ነው።

አንድ እሑድ በአማርኛ ጀመርክ። "ማርታዬ፣ ዛሬ በአማርኛ እናውራ፣ ደክሞኛል።"

"ትንሽ ብቻ፣ አባዬ" አልኩህ በሩሲያኛ። "ለእኔም ልምምድ ነው።"

እሺ አልክ። ግማሽ ሰዓት በሩሲያኛ ታገልክ፣ እኔም ጻፍኩ።

ጽሑፉን ጥር ላይ አቀረብኩ። ስምህን አልጠራሁም፣ "ተናጋሪው" ነበር ያልኩህ። ተናጋሪው መጀመሪያ ፆታ ያምታታል፣ ቀጥሎ ዘወትር የማይጠቀምባቸው ስሞች ይጠፉበታል፣ ከዚያ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠራቸው የኖሩት። አማካሪዬ ደስ አላት፣ አምስት ሰጠችኝ፣ እዚያ ከዚያ የሚበልጥ ውጤት የለም። ለመመረቂያዬም አስፋፊው አለችኝ። ልቀመጥ ስል አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "በአፍ መፍቻ ቋንቋውም እንዲህ ያደርገዋል?"

"አያደርገውም" አልኳት። አማርኛህን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር በላይ ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር።

ግንቦት ላይ እማዬ ደወለች። ጠዋት ወደ ግድቡ በእግርህ ወጥተህ ሳትመለስ ውለሃል። ያገኙህ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ። ቤትህ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀሃቸዋል። በማግስቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛህ፣ እኔም በአራተኛው ቀን ደረስኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ቀስ ብሎ ነው የነገረን። ጭንቅላትህ ውስጥ፣ ንግግር በሚመራው በኩል፣ እጢ አድጓል። የቀዶ ሕክምናው ጊዜ አልፏል። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ "ንግግራቸው መዛባት የጀመረው መቼ ነው?" አለ።

እማዬ፣ "ከፋሲካ ወዲህ" አለች።

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሳምንት በሳምንት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እርስዎስ ያስተዋሉት ነገር አለ?" ሲለኝ፣ "ውጭ አገር ነበርኩ" አልኩት። እንዲህ ብዬ አመለጥኩ።

"ቀደም ብለን ብናመጣው ኖሮስ?" አለች እማዬ።

"እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም" አላት።

ቁርጡን ቢነግረን ይሻለኝ ነበር። ይተርፍ ነበር ቢል በደሌን አውቄ እቀመጣለሁ፣ አይተርፍም ቢል ትንሽ እተነፍሳለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስነሳ ስቀመጥ ያቺን መልስ ነው የማኝከው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየህ። አማርኛውም ሩሲያኛውም ሄዶ ነበር። እጄን ትይዛለህ፣ ታየኛለህ፣ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። በሩሲያኛ ሞከርኩ፣ በአማርኛ ሞከርኩ። ልጅህ መሆኔን አውቀህ ይሁን ወይስ ደግ ነርስ መስዬህ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያለ ቃል የሄደው ሰው አንተ፣ ቃል ሰብሳቢዋ እኔ። ይቅርታ ልጠይቅህ ብል እንኳ የሚሰማኝ አልነበረም።

ለእማዬ የነገርኳት ባለፈው እሑድ ነው። ምስር ስትለቅም ፊቷ ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ደብተሩንም፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እንድትጮህ ፈልጌም ነበር።

እጇ ትሪው ላይ ቆመ። "ስኳር አቀብይኝ ሲለኝ ጨው ማለቱ ነበር" አለች። "ከገና በፊት ነበር። ሳቅኩበት። ለጎረቤት ሁሉ እያሳቅኩ አወራሁ።"

"ለሐኪሙ ግን ከፋሲካ ወዲህ አልሺው።"

"አዎ። አንቺም ዋሽተሻል፣ እኔም ዋሽቻለሁ።" ትሪውን ወደ ጎን ገፋች። "ኋላ እየባሰበት ሲመጣ ራሱ ነው ያስማለኝ። ለማርታ ከነገርሽያት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፣ እስክትጨርስ ዝም በይ አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።"

አልተቃቀፍንም፣ አባዬ። ተላቅሰን ቀለለን ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። እሷ ወደ ምስሯ ተመለሰች፣ እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ከበፊቱም ያነሰ ነው የምናወራው። አንዳችን ሌላችንን ስናይ የምናየው ያንኑ የደበቅነውን ነው።

የዕረፍት ፈቃዴ በሚመጣው ወር ያልቃል። አማካሪዬ ሁለት ጊዜ ጽፋልኛለች፣ ያን ጽሑፍ እያስታወሰች፣ ጥሩ ጅምር ነው እያለች። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ዛሬም አታውቅም። ባለፈው ረቡዕ እንደማልመለስ ጽፌ ላክሁላት። አጭር ደብዳቤ ነበር፣ ስህተት እንዳይኖርበት እንኳ መልሼ አላየሁትም። ኦቦ ቶሎሳ ሲሰሙ አዘኑ። "እሱ ይህን ቢሰማ ይከፋዋል፣ ማርታ" አሉኝ። እንደሚከፋህ አውቃለሁ። ሕመምህን የደበቅከው እንድጨርስ ብለህ ነበር፣ እኔ ደግሞ አልጨረስኩም። ግን በዚያ ቋንቋ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው፣ "ማያ ነው፣ አባዬ" ስል። ሌላ ሰው ይማረው። ሰበታ ያለው ፋብሪካ ከፈለግሽ ተመለሺ ብሎኛል። ሰኞ እጀምራለሁ።

ሰው ለሟቹ ሲጽፍ መቼም አልረሳህም ብሎ ይጨርሳል። እኔ እንዲህ ብዬ ልዋሽህ አልችልም፣ መርሳት እንዴት እንደሚጀምር ያጠናሁ ሰው ነኝ። የሳቅህ ድምፅ አሁንም አለኝ፣ የሳልህ ግን እየሳሳብኝ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሌላው ይከተላል። ቃል የምገባልህ ይህን ብቻ ነው። ካንተ አንድ ነገር ሲጠፋብኝ ዝም አልልም፣ እማዬ ዘንድ ሄጄ "ይህ ጠፋኝ፣ አንቺ ጋ አለ ወይ?" ብዬ እጠይቃታለሁ። በአማርኛ። በዚያው ቀን።

ልጅህ
ማርታ