ፕላስተሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ

አሰላሙ ዐለይኪ እታለም፤

መልስ አልጠብቅም። ድሮም ሰላም ብዬ ሱቅሽ ስገባ «እጅህን ታጥበሃል?» ነበር የምትመልሺልኝ። ታጥቤያለሁ። የምጽፍልሽ በዚያ በስኩዌር ደብተርሽ ላይ ነው። በሕይወት ብትኖሪ ጫፉን አታስነኪኝም ነበር፤ አሁን ከኋላ የተረፉት ገጾች ለእኔ ደረሱኝ። ፊደል ብገድፍ አትሳቂብኝ። ዘጠነኛ ክፍልን በአጥር ዘሎ የወጣ ሰው ከዚህ በላይ አይጽፍም።

አምባሰል ላይ አፈር አልብሰንሽ ከወረድን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እማ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን አያማትም። ትናንት እንኳ «የሰው ልጅ ሥራ ይይዛል፣ የኔው የዛፍ ጥላ ይይዛል» አለችኝ። ሐይቁም እንደነበረ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣው እንደድሮው በመኪና መንገዱ ዳር ይሸጣል። ፎቶ ቤትሽ ግን ተዘርፏል። ማተሚያው የለም፣ ስክሪኑ የለም፣ ያ እኔ ስሽከረከርበት የምትጮሂብኝ ወንበርም ሄዷል። የቀረው የኮምፒውተሩ ሣጥን ብቻ ነው። ከፍተው ሲያዩት ሆዱ ባዶ ሆነባቸውና ጥለውት ሄዱ። ጎኑ ትንሽ ተጨርምቷል።

ሆዱን ያወጣሽው አንቺ ነበርሽ። ጦርነቱ ቀረበ ሲባል ሰው ሁሉ ልብስና ዱቄት ሲሸክፍ አንቺ መፍቻ ይዘሽ ሣጥኑ ላይ ተደፋሽ። ሦስቱን ሃርድ ዲስኮች ፈታሽ፣ በየጀርባቸው ነጭ የቁስል ፕላስተር ለጠፍሽ፣ 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ጻፍሽባቸው፣ በሻሽሽ ጠቀለልሻቸው። እኔ «ሰው ነፍሱን ያድናል፣ እሷ ብረቷን» ብዬ ሳቅኩብሽ። አንቺ አልሳቅሽም። «የከተማው ሰው ፊት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው» አልሽኝ።

እውነትሽን ነበር። ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ በጨፈረበት ዓመት ሱቁን ስትከፍቺ፣ ደሴ ሄደሽ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች ሆድ ሦስት ዲስክ ለቅመሽ በአንድ ሣጥን አኖርሻቸው። የሐይቅ ሰው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እየያዘ ሲያስቸግርሽ ዊንዶውሱን አራግፈሽ ቫይረስ የማይደፍረውን ሊኑክስ ጫንሽ። እኔም «ማዳም ሊኑክስ» የሚል ስም አወጣሁልሽ፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ለመደው። ከዚያ ወዲህ የሠርጉም፣ የመታወቂያውም፣ የዒዱም፣ ግሸን የሚወጣው ምዕመንም ፎቶ እዚያ ሣጥን ውስጥ ገባ።

አሁን ልናዘዝ ነው። ሸሽተን አምባሰል አጎታችን ቤት በደረስን በሁለተኛው ቀን፣ አንቺ ዉዱእ ልታደርጊ ስትወጪ፣ ሻሹን ፈትቼ ፕላስተሮቹን ቀየርኳቸው። የ1ን በ3፣ የ3ን በ1። ሌላ ተንኮል አልነበረኝም፤ ተመልሰን ስትገጣጥሚው፣ አልነሣም ሲልሽ፣ ያ ሰፊ ግንባርሽ ሲኮማተር አይቼ ልስቅ ነበር።

ከዚያ አስምሽ ተነሣ። ብርዱ ነው፣ የማገዶው ጢስ ነው፣ ምኑም ነው። የሚነፋው መድኃኒትሽ አለቀ። መንገዱ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ። ተኝተሽ መተንፈስ ሲያቅትሽ ተቀምጠሽ ትተነፍሺ ነበር፣ እኔ ከጀርባሽ ሆኜ እደግፍሽ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከዙህር በኋላ ዞር ብለሽ አየሽኝና ፈገግ አልሽ። ሰው በዚያ ሁኔታ በምን ይስቃል ብዬ ግራ ገባኝ። ከዐስር ሶላት በፊት አለፍሽ። አላህ ይርሀምሽ።

የፕላስተሩን ነገር ለማንም አልተነፈስኩም። ቀልድ የሚጣፍጠው ተቀላጁ ሲኖር ነው፤ ባለቤቱ የሞተበትን ቀልድ የት ይወስዱታል?

ወደ ሐይቅ ከተመለስን በኋላ ሁሉንም መርሳት ይቻለኝ ነበር፣ እማማ ብርቄ ባትመጣ ኖሮ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ፣ የሞገስ እናት። ሞገስ ሊዘምት በወጣ ዕለት በሱቅሽ በኩል ሲያልፍ ጠርተሽ ያነሣሽውን ፎቶ ታስታውሻለሽ? እሱ አልተመለሰም፤ መርዶው መጣ። ቤቷ ሲቃጠል ደግሞ ግድግዳ ላይ የነበሩት ፎቶዎቹ አብረው ተቃጠሉ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ በር ላይ ቆማ «ልጄ፣ የኔ ልጅ ፊት እዚያ ብረት ውስጥ አለ ይሉኛል። እውነት ነው?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። «እንግዲያው አውጣልኝ፤ ዓመቱን ያለ መልኩ እንዳላወጣው።» ወላሂ እታለም፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስክሪንና ኪቦርድ ተውሼ ዲስኮቹን ሰካሁ። የሠራሁትን አውቃለሁና ተንኮሌን አቃናሁ፤ 1 የሚለውን በሦስተኛው ገመድ፣ 3 የሚለውን በአንደኛው። ቁልፉን ተጫንኩ። ጥቁር። ከላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ። ከጎረቤት ተማሪ ጠርቼ ሳስነብብ «የምነሣበት ዲስክ የለም ይላል» አለኝ። ሦስት ዲስክ ጎርሶ የለም ይላል! አንቺን ነው የመሰለኝ፤ ሦስት እንጀራ በልታ ቁርስ አልቀመስኩም የምትለዋን።

ሣጥኑን ታቅፌ በሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። እዚያ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ የማሽኑን ማስተካከያ ከፍቶ ገባና የትኛው ዲስክ ቀድሞ ይነሣ የሚለውን ቀየረው። ተነሣ! ሲነሣ የሚያወጣው ያ የምታውቂው ጽሑፍ መውረድ ጀመረ፣ ከዚያ መሀል ላይ ቀጥ። ኢመርጀንሲ የሚል ቃል ወጣ። ይህቺን ቃል ማንም እንዲያነብልኝ አያስፈልገኝም፤ ሆስፒታል በር ላይ አውቃታለሁ። አንቺን ማድረስ ያልቻልንበት በር።

ጠጋኙ «ፎቶ ያለበት ዲስክ ሞቷል» አለኝ፣ ፖፕኮርን እየበላ። «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንልህ፣ እንደ አዲስ ይሆናል።» አዲስ ማን ፈለገ? «አቦ ተወኝ፣ እኔ የምፈልገው አሮጌውን ነው» ብዬ ሣጥኔን ነጠቅኩት። በመልስ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ ሣጥኑ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ተቀምጦ፣ ለእማማ ብርቄ ምን እንደምላት ሳስብ መጣሁ። ልጅሽ ሁለተኛ ሞተ ነው የምላት? ገዳዩም እኔ ነኝ?

ያኔ ነው ደብተርሽን የከፈትኩት። «ኮምፒውተሩ እምቢ ሲል» የሚል ገጽ አለሽ። እንዲህ ብለሻል፤ «ማሽኑ ዲስክን የሚያውቀው በመቀመጫው ነው። የሙሽራ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሙሽራ ይለዋል፤ ድመት ብትቀመጥበት ድመቷን ይድራታል። ፎቶዎቹ ሦስተኛው ወንበር ላይ ናቸው ብዬ ነው የጻፍኩለት። ወንበር ከተቀያየረ ፈልጎ ያጣቸውና ቆሞ ይጮሃል፤ ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም።» ከሥሩ ደግሞ፣ «ዲስክ የማይቀየር የራሱ ረጅም ስም አለው፣ በእሱ መጥራት ነበረብኝ። አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ።» ከዚያ በታች፣ «ግራ ሲገባ ሁሉንም ንቀል። አንድ በአንድ ሰክተህ ሞክር።» ሞክር! በወንድ ነው የጻፍሽው። ከእኔ በቀር ማን ሊያነበው ነው?

ሁሉንም ነቀልኩ። 3 የሚለውን ብቻውን ሰካሁ፤ ጥቁር። 2ን ብቻውን፤ ጥቁር። 1 የሚለውን ብቻውን ስሰካ ያ ጽሑፍ ወረደ። ደነገጥኩ። በእኔ ተንኮል መሠረት 1 የሚለው ፕላስተር ያለው ፎቶው ላይ ነው፣ መነሣት አልነበረበትም። ተንኮሌን ረስቼው ይሆን? ዲስኩን አውጥቼ ጸሐይ ላይ አገላበጥኩት። ፕላስተሩ ወፍሮብኛል። በጥፍሬ ጠርዙን ባነሣው ሌላ ፕላስተር ከሥሩ አለ። ከላይ 1፤ ከሥር እኔ የለጠፍኩት 3። ከ3ቱ ጎን ደግሞ በዚያች ጥቃቅን ጽሕፈትሽ፣ «አየሁህ»።

እታለም፣ መቼ አየሽኝ? በበር ስንጥቅ? ከዉዱእ ስትመለሺ? ዝም ብለሽ አቃንተሽዋል፣ ዝም ብለሽ እኔ ሳቃና ተመልሼ እንደማበላሸው አውቀሽ ጠብቀሽኛል። ያ ፈገግታሽ ለዚህ ነበር! ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ የቱ ጋ ወደ ልቅሶ እንደታጠፈ እንጃ፣ እማ ከቤት ሮጣ መጣች። «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ዘሃራ አሸነፈችኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ፕላስተሩንም። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «እሷ ካቃናችው ምን ቀረብህ» ብላ በነጠላዋ ፊቴን ጠረገችኝ።

አንቺ በጻፍሽው ቁጥር ሰካሁ፣ ጠጋኙ የቀየረውንም መለስኩ፤ ያለ አንዳች ጩኸት ተነሣ። ያንን አንድ ቀን ያልሽውንም ሠርቼልሻለሁ። የዲስኮቹን ረጅም ስም፣ ያን ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበትን፣ በመቀመጫቸው ፋንታ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ገለበጥኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ሁለት ጊዜ ጮኸብኝ፣ በሦስተኛው ዝም አለ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሺው ነበር።

የሞገስን ፎቶ አገኘሁት። ሳየው ደግሞ ሌላ ጣጣ። ከራሱ በላይ ሁለት ጣት እንደ ቀንድ ተተክሏል። የማን ጣት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ያን ቀን ስትቆጪኝ «ሌላ ታነሻለሽ» ብዬሽ ነበር፤ መኪናው ጡሩንባ ነፋ፣ ሌላ አልተነሣም። የአንድ እናት ልጅ የመጨረሻ መልክ፣ ቀንድ አብቅሎ። ጣቴን ቆርጬ ላጥፋው ብዬ ጀምሬ ነበር፣ እማማ ብርቄ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ምን ልታደርግ ነው?» አለች። አፍሬ «ይህን ላነሣው ነው» አልኳት። ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነችው። «አትንካው። ጥርሱን አየኸው? ሲወጣ እኔን ስሞ የሄደው አልቅሶ ነው። እዚህ ግን ስቆ ነበር ለካ።» እንዳለ አሳተምነው። ለሙት ዓመቱ በድንኳኑ መሀል ከነቀንዱ ተሰቀለ። ቄሱ አይተው ግራ ሲገባቸው «የጓደኛው ጣት ነው፣ ይተዉት» አለቻቸው።

እማ ያን ቀን ማታ ሳይሆን በማግስቱ፣ ጠዋት፣ እንደ ዋዛ «የእሷንስ?» አለችኝ። የአንቺን ማለቷ ነው። ተቀምጬ ፈለግኩ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አገላበጥኩ፤ ሙሽሮች፣ ሐጂዎች፣ ዲያቆናት፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ጥርሱ የወለቀ ሁሉ። አንቺ የለሽም እታለም። አንድም ቦታ የለሽም። ካሜራውን ሁልጊዜ የያዝሽው አንቺ ነበርሽ፣ እኔም አንድ ቀን ተቀብዬሽ «ቁሚ» አላልኩሽም። ቀልድ ሲሆን እጄ ፈጣን ነው፣ ለዚህ ግን አልፈጠነም። ይቅር በይኝ።

ለእማ የለም ማለት አቃተኝና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፍኩላት። ቆየት ብላ የሞገስ ላይ ስትደርስ አስቆመችኝ። «እሱ ማንን እያየ ነው እንዲህ የሚስቀው?» አለች። ራሷ ታውቀዋለች። ከዚያ ወደ ኋላ መልስ አለችኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እያንዳንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች አለፈች። ሁሉም የሚያየው አንቺን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጁሙዓው፣ መብራት ካለ፣ ከሶላት መልስ ሣጥኑን አስነሣላታለሁ። አምባሰልም በየዓመቱ ወጥተን እንዘይርሻለን፣ ዱዓም ሰደቃም አናጓድልብሽም። መልክሽ ከእኔ እንዳይጠፋ ስፈራ ደግሞ እነዚያን ዓይኖች አያለሁ፤ ፊታቸው ላይ ምን ያህል እንደሳቅሽላቸው ይታወቃል።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ከሐይቅ