ለጾም የሚሆን ጠብታ፦ የዶክተር ወለተጻድቅ መዝገቡ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ወለተጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ መዝገቡ ወልደጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቅዬ ተክለማርያም ኅዳር 6 ቀን 1968 ዓ.ም. ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ በኮልፌ ተከታትለው፣ በ2003 ዓ.ም. በምግብ ሳይንስ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1997 ዓ.ም. ከአቶ ግሩም ኪዳን ጋር ትዳር መሥርተው በአየር ጤና ሲኖሩ ውዳሴንና ራዕይን ወለዱ።

ራዕይ ከተወለደች ጀምሮ የሐሞት መውረጃዋ ጠባብ ነው። ሐሞት በደንብ ስለማይደርስ የበላችው ቅባት አይፈጭም፤ ለዓይን የሚያስፈልገው ቫይታሚንም ከቅባቱ ጋር ይወጣል። በስድስት ዓመቷ ዳፍንት ይዟት ሲመሽ ማየት ተሳናት። ዶክተር ወለተጻድቅ ምርምራቸውን ወደዚህ አዞሩ፦ ቫይታሚኑን በዓይን በማይታዩ የዘይት ጠብታዎች ይዞ፣ ጨጓራን አልፎ አንጀት ሲደርስ እንዲለቀቅ ማድረግ። ቀድሞ ቢፈታ አሲዱ ያበላሸዋል፤ ጭራሽ ባይፈታ እንደገባ ይወጣል። በዚህ መሀል ስንት ዓመት ተጨነቁ። በ2012 ዓ.ም. በወተት ፕሮቲን የተሸፈነው ጠብታ ተሳካ። ራዕይ ሐኪሞች በሚከታተሉት ሙከራ ገብታ ወሰደች፤ ሲመሽም ማየት ጀመረች።

በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ግን “እማዬ፣ ወተት አለበት አይደል?” አለቻቸው። መዋሸት አልቻሉም። የንስሐ አባታቸው አባ ተክለሃይማኖት “ለታመመ ተፈቅዷል፣ ልጄ” ቢሏትም፣ “ሁሉም ሲጾም እኔ ብቻ?” ብላ አሻፈረኝ አለች። ጾሙ ሳይፈታ ዳፍንቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጾም በቀረበ ቁጥር ቤቱ ይጨነቃል። እናቷ ሽፋኑን ከአተር ፕሮቲን ለመሥራት ተነሡ፤ እሱ ደግሞ ጨጓራ ላይ እየተፈታ አስቸገራቸው።

ባለፈው ዓመት የደም ካንሰር ያዛቸው። ከአልጋቸው ሆነው ለባልደረባቸው ለአቶ ባምላኩ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት “ያዘ ወይስ ፈሰሰ?” ይሉ ነበር። በዚህ ዓመት የካቲት መጨረሻ የአተሩ ሽፋን በላቦራቶሪ በተዘጋጀ የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ሳይፈታ መቆየቱን ሰሙ። በሰው ላይ ግን ገና አልተሞከረም። ራዕይ “እኔ ልሞክረው” ብትላቸው “ለልጄ ያልተጠነቀቅሁ ለማን ልጠነቀቅ?” ብለው ከለከሏት፤ እስከዚያው የወተቱን እንድትወስድ ለመኗት። እሷ ግን ጠብታውን ሳትነካ ጾሟን ቀጠለች።

ዶክተር ወለተጻድቅ ይህ እንዳሳሰባቸው መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት፣ ለቀብሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችን በፊት፣ ራዕይ በጾሙ መካከል የወተቱን ጠብታ በፊታችን ወሰደች። ይህንንም ለእናቷ እንድናነብላቸው ጠየቀችን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከስጋት ያሳርፍልን፤ የጀመሩትንም ለፍጻሜ ያብቃልን። አሜን።