የማይራራው ካሴት

መስከረም 19

ቅዳሜ። ፀጉር ቤቴ ሲጨናነቅ ዋለ። ቀጭኑ ባልደረባዬ ስለ ኳስ ሲከራከር የአንዱን ደንበኛ ጎን ከሌላው አሳጠረው፤ ሰውዬው በመስታወት አይቶ፣ "አንደኛውን ጆሮዬን ዝቅ ብታደርገው ይቀላል" አለ። እስክናለቅስ ሳቅን።

ማታ ወንድሜ መጣ። እንደ ልማዳችን አሮጌውን ጌም ሰካን። ከልጅነታችን ጀምሮ ያለች ካሴት... ትንሹ ወታደር የፈረሰ ግንብ ያቋርጣል። ሦስት ነፍስ አለው። ካለቁ ከመጀመሪያው። የደረስክበትን አያስቀምጥልህም፣ ልመና አይሰማም። የዛሬ ጌሞች ስትወድቅ አቅፈው ያነሱሃል። ይሄ አያነሳም። ለዚህ ይሆን የምወደው?

ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ከተንሸራታቾቹ ሳንቃዎች ወደቅሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ከማልፍበት ቦታ።

"ሸመገልክ እንዴ ጋሼ?" አለኝ ወንድሜ።

መስከረም 26

እዚያው ሳንቃ ላይ... ሦስቱም ነፍስ። ቁልፏን በሰዓቱ ነው የተጫንኩት። እርግጠኛ ነኝ። ወታደሩ ግን ጫፉ ላይ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ ወረደ።

"ጆይስቲኩ አርጅቷል" አለ ወንድሜ። ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 1

ከምሳ በኋላ ጆይስቲኩን ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሰጠሁት። ፈታው፣ ጠረገው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ።

"ምንም የለውም" አለ። "ካንተም ከእኔም በጤና ይበልጣል።"

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። ወደቅሁ። በወንድሜ ጆይስቲክ ሞከርኩ። ያው ነው።

ጥቅምት 8

ወንድሜ ሳንቃዎቹን አለፈ። በእኔ ጆይስቲክ። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ሲደርስ ለእኔ የሚሰጥ ልጅ፣ ዛሬ ብቻውን ተሻገረ። ዘሎ ተነሳ። "አየኸኝ? አየኸኝ ጋሼ?"

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። እኔን አልነበረም የሚያየው። እጄን ነው።

"አውራ ጣትህ ለምን ይንቀጠቀጣል?"

ዝቅ ብዬ አየሁ። እጄ ጉልበቴ ላይ አርፏል። ምንም አልያዘም። ጣቴ ግን የማይታይ ክኒን እንደሚያድበለብል ሰው ይንቀሳቀሳል... ብቻውን። መቼ ጀመረ? እንዴት ሳላየው?

"ብርድ ነው" አልኩት።

ጥቅምት 10

ለሚስቴም ብርድ ነው አልኳት። መስኮቱን ዘጋች። ጋቢ አመጣችልኝ። ጋቢው ውስጥም ይንቀጠቀጣል።

ጥቅምት 15

ጡረተኛው ዳኛ መጡ። ፂማቸውን ከእኔ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። አረፋውን ቀባሁ፣ ምላጩን ከጆሯቸው ሥር አሳረፍኩ... ቆረጥኳቸው። ትንሽ ናት። ደሙ ግን ነጩ ጨርቅ ላይ ወረደ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ምንም አይደል፣ ቆዳዬ አርጅቶ ነው።"

ዕድሜ ልካቸውን ውሸታም ሲያፋጥጡ የኖሩ ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ምላጩን ይዤ እንደገና ስጠጋ ግን እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። አየሁት። ማየቴንም አዩ።

ቀጭኑን ጠራሁትና ምላጩን ሰጠሁት።

ጥቅምት 22

ከእንግዲህ ምላጭ የለም፤ መቀስና ቶንዶስ ብቻ። ለደንበኛ፣ "ዓይኔ ደክሟል" እላለሁ።

ኅዳር 2

ሚስቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ በዕድሜ ታናሼ ናት። ረጋ ያለች።

"አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ያጋጥሙ። ይክፈቱ። ያጋጥሙ... ቶሎ ቶሎ።"

ግራዬ እንደ መቀስ ሮጠ። ቀኜ ሲጀምር ደህና ነበር። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ... ቆመ። ትእዛዝ ሰጠሁት። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ጫፉ ላይ ቆሞ የሚያየኝን ወታደር አስታወስኩ።

ስሙን ነገረችኝ። ፓርኪንሰን። ሰምቼው አውቃለሁ፣ የሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

"ይድናል?"

"መድኃኒቱ ያግዝዎታል። የሄደውን ግን አይመልስም።" ቀጥላ፣ "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ወረቀቷን ማየት ጀመረች።

ሚስቴ ስለ ጌሙ አወራቻት። እሱ ያመጣበት ይሆን ብላ ፈርታ። "አይ" አለች ሐኪሟ፣ "ጌሙ አላመጣውም። ከሁላችሁ ቀድሞ አየው እንጂ።"

እውነቷን ነው። ሚስቴ እጄ ሲዘገይ ትታገሣለች። ደንበኛ ይጠብቃል። ያ ካሴት ለቅጽበት እንኳ አይጠብቅም።

ኅዳር 5

አልተነሳሁም። ለምን እነሳለሁ?

ኅዳር 11

ፀጉር ቤት አልሄድኩም። መድኃኒቱን ዋጥኩና ካሴቷን ሰካሁ። ጣቴን በግድ አሰለጥነዋለሁ አልኩ። ልጅ ሆነን እንዲህ አልነበር የተማርነው? ወድቀን፣ ወድቀን፣ ወድቀን... ጌሙ ከባድ ነው፣ ግን ፍትሐዊ ነው። በወደቅህ ቁጥር የሆነ ነገር ያስተምርሃል።

አሁን ምን ያስተምረኛል? መንገዱን አውቀዋለሁ። ሳንቃው መቼ እንደሚመጣ በጆሮዬ እንኳ አውቀዋለሁ። ያልጎደለኝን ነው የሚያስተምረኝ።

ከሰዓት በኋላ ሳንቃዎቹ ጋ መድረስም ቀረ። የመጀመሪያው ደረጃ የመጀመሪያው ጉድጓድ... የጎረቤት ሕፃን የሚዘለው። ወደቅሁ። ጆይስቲኩን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ቀለሙ ተላጠ።

ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ አነሳችው። ገመዱን ጠቀለለች።

"አሁን ቀለለህ?"

"አልቀለለኝም።"

አጠገቤ ተቀመጠች።

ኅዳር 18

ወንድሜ ካርቶን አቅፎ መጣ። ፊቱ በርቷል። አዲስ ማሽን ነው፤ የድሮዎቹን ጌሞች ሁሉ ይዟል፣ የእኛንም።

"ስትወድቅ ይቺን ትጫናለህ" አለኝ። "ጊዜውን ወደ ኋላ ይመልስልሃል። ከመውደቅህ በፊት ትሆናለህ።"

ሞከርኩ። ወደቅሁ፣ መለሰኝ። ወደቅሁ፣ መለሰኝ። ሳንቃዎቹን በዚያ መንገድ አለፍኩ፣ ግንቡን አለፍኩ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ግዙፍ ጠላት ገደልኩ። ሙዚቃው ተጫወተ። ወንድሜ አጨበጨበ። ስንት ዓመት የናፈቅነው መጨረሻ... ምንም አልተሰማኝም። አንዴም እንኳ በሰዓቱ አልዘለልኩም።

"ውሰደው" አልኩት።

"ለምን?"

"ውሰደው ብያለሁ። የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቷል፣ ጌም አይጨመርብኝ።"

ቆመ። ካርቶኑን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። "ምን ላድርግልህ ታዲያ?" አለ። "ንገረኝ፣ ጋሼ... ምን ላድርግልህ?" ድምፁ የልጅነቱ ድምፅ ነበር።

ካርቶኑን ይዞ ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 22

ቅዳሜ። ወንድሜ አልመጣም።

ታኅሣሥ 3

ፂሜን ራሴ መላጨት ካቆምኩ ሰነበትኩ፤ ጎፍሯል። ጠዋት ፀጉር ቤት ሄድኩ፣ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ከኋላው የቆምኩበት ወንበር... ከፊት ሲያዩት መስታወቱ ሰፊ ነው። ሰው መደበቂያ የለውም።

ቀጭኑ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። ስለ ኳስ አላወራም። እጁ ከእኔ ይልቅ የፈራ ይመስላል። ምላጩ ሲነካኝ የወንበሩን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ፤ ከፍርሃት አይደለም፣ እጄ ጨርቁን እንዳያንቀጠቅጠው ብዬ እንጂ። ዳኛውም ያን ጊዜ ያለ ፍርሃት ይዘውት ይሆን? አይመስለኝም።

"ልክ ነው፣ አለቃ?" አለኝ ሲጨርስ።

"ልክ ነው። ከነገ ጀምሮ ዋናው ወንበር ያንተ ነው።"

ወለሉ ንጹሕ ነበር፤ መጥረጊያ አንስቶ ጠረገው።

ማታ ወንድሜ መጣ፣ ባዶ እጁን። ስለ ካርቶኑ አልተነጋገርንም። ካሴቷን ሰካና ጆይስቲኩን ዘረጋልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሚስቴ ተቀበለችው። ነክታው አታውቅም። በመጀመሪያው ጉድጓድ ወደቀች። እንደገና ሞከረች፣ ወደቀች። ሦስተኛ... አለቀ።

"ይሄ ምኑ ነው የሚያስደስታችሁ?" አለች።

"አያስደስትም" አልኳት። "ግን ማለፍ ይቻል ነበር።"

ወንድሜ አቀረቀረ። እሷ ከመጀመሪያው ጀመረች። ወታደሩ ወደ ጉድጓዱ ሲሮጥ ሁለቱም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጡ፤ እኔ ቀኝ እጄን በግራዬ ይዤ፣ በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ጨመቅኩት።