ሁለት ሳህን በአንድ ማዕድ

ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ከእግር ጉዞዬ ተመለስኩ። ካልሲዬ በስብሷል፣ ከብርዱ የተነሳ አፍንጫዬ የለም ማለት ይቻላል። ከሰፈራችን ከሜድስቶን እስከ ወንዙ ዳር፣ ከዚያ በዳገቱ ወደ ቤት። እዚህ ፈረንጅ አገር ወዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ ቢሆን በዚህ ሰዓት እንዲህ ስገሰግስ ያየ ሁሉ ምነው፣ በደህና ነው? ብሎ ያስቆመኝ ነበር። እዚህ የሚያስቆመኝ ውሻ ብቻ ነው። ጉልበቴ ባለፈው ሳምንት ዳገቱ ላይ ሲያማርር ነበር፣ ዛሬ ዝም አለ። ለመደ ወይስ ተስፋ ቆረጠ?

አንቺ ደብተር፣ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ዶ/ሯ የደም ውጤቴን አይታ ስኳርሽ ጠርዝ ላይ ነው አለችኝ። ቀጥላ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጀራ እንደምበላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። የደበቅኳት መሰላት። እውነቴን ነው! ከባሌ ከመስፍን ጋር ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። የሱ የት እንደሚያልቅ፣ የኔ የት እንደሚጀምር እ/ር ይወቀው። ከሦስት ወር በኋላ ደሜ እንደገና ይታያል። ካልወረደ መድኃኒት። እናቴን ስኳር ዓይኗን ወስዶባታል። እፈራለሁ።

ማክሰኞ፣ ከእራት በኋላ

ዛሬ የምበላውን ልከታተል ብዬ ተቀመጥኩ። ለመ. አልነገርኩትም። ስለ ስኳሩም አያውቅም። ቢያውቅ በቤት ኅብረታችን የጸሎት ርዕስ ያደርገኛል። ከዚያ እስከ ኮሊንግዉድ ሰፈር ድረስ ያለው ሐበሻ ሁሉ እየደወለ አብሽ ጠጪ፣ ሞሪንጋ ቀቅዪ ይለኛል።

ሙከራው ከሸፈ። ጉርሻዬን ጥሩ እየቆጠርኩ ነበር፣ ጎመኑ ጋ ስደርስ መ. አጎረሰኝ። የሱ ጉርሻ በማን ሂሳብ ነው የሚገባው? አንድ አጉርሶ ደግሞ አያቆምም። በሞቴ አለ። ጎረስኩ። ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ልጄ ሊያ ስታየኝ ቆይታ፣ «ማም፣ ጀስት ዩዝ ዩር ኦውን ፕሌት» አለች፤ የራስሽን ሳህን ያዢ ማለቷ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?

ረቡዕ፣ ምሽት 12 ሰዓት ሊሆን ነው

ሳህን ለየሁ። ለሱ ትልቁን ሳህን፣ ለኔ የሊያን የሰላጣ ሳህን። ግማሽ እንጀራ፣ ምስር፣ ሰላጣ በሽበሽ። የሚገርመው፣ በቃኝ!

መ. ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ፣ የሌሊት ሽፍት ነው የሚሠራው፣ እኔ ጠዋት ቻይልድኬር ሕፃናት ልጠብቅ እገባለሁ። የምንተያየው በዚህች እራት ብቻ ነው። ሁለቱን ሳህኖች አየ። ከዚያ እኔን አየ። ምን አጠፋሁ አለ። ምንም፣ ክብደት ልቀንስ ነው አልኩት። እሺ አለ። ሁለት ሦስቴ ጎረሰና ሽፍቴ ደረሰ ብሎ ተነሳ። ሽፍቱ ገና ነው።

ዓርብ፣ ማታ

አሁንም ሁለት ሳህን። ከሰዓት በኋላ የሚጫጫነኝ እንቅልፍ ቀለል ብሎኛል። በሁለት ቀን? ወይስ እየመሰለኝ ነው? መ. ግን አይበላም። ነካ ነካ አድርጎ ይነሳል። ለብቻዬ ያላመጥኩት ምስር ያው የራሴ ምስር ነው፣ ጨውም በርበሬም አልጎደለው። ታዲያ ለምን አልጣፈጠኝም? ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት

ጉድ ነው! ጠዋት በር ተንኳኳ። ከአስኮት ቬል ድረስ፣ በዚህ ብርድ፣ ጋሼ ወርቁና እትዬ ብርቄ። የቤ/ክ ሽማግሌያችን ከነባለቤታቸው። ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩም። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና ጠላት በትዳር መሃል እንዴት እንደሚገባ ይነግሩኝ ጀመር። ማዕድ መለየት መኝታ የመለየት መጀመሪያ ነው አሉ። እስኪገባኝ ቆየሁ። ለካ መ. ሚስቴ ማዕድ ለየችብኝ፣ አስታርቁን ብሎ ጠርቷቸዋል!

ሳቄ መጣ። ከዚያ መ.ን አየሁት። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል፣ ቀልቷል። ሳቄ ጠፋ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስኳሩን፣ ዶ/ሯን፣ የእናቴን ዓይን። እትዬ ብርቄ «ውይ፣ እኔ ልሙት!» አሉና የስኳሩን ዕቃ ከፊቴ አነሱት።

መ. ቀና አለ። ከዚያ እሱም ተናዘዘ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስሸከም ስለምውል በደንብ እንድበላ ብሎ፣ ቶሎ ቢጠግብም የሚበላ ለመምሰል ቀስ እያለ ይቆርሳል፣ ምርጥ ምርጡን ወደኔ ይገፋል። እሱ ሌሊት ሥራ ቦታ በሥጋ የተሞላ ፓይ ይበላል። እኔስ? እኔ ካቆምኩ እሱም እጁን ስለሚሰበስብ፣ እሱ እንዲበላ ብዬ ነው የምበላው! ሁለታችንም ጠግበን! ስንት ዓመት!

እትዬ ብርቄ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ጋሼ ግን አልሳቁም። ወደ ባለቤታቸው ዞሩና፣ «አንቺስ?» አሏቸው። እትዬም ሳቃቸውን አቆሙ።

እሁድ፣ ከቤ/ክ መልስ

ለዶ/ሯ መልስ አለኝ፤ ምን ያህል እንደምበላ። የራሴንም የሱንም ድርሻ ስበላ ኖሬያለሁ። መ. እሱም የደም ምርመራ ቀጠሮ ቡክ አደረገ፣ ያ ሁሉ ፓይ ይታይ ብሎ።

ተነጋገርን፣ ወሰንን። አንድ ሳህን፣ ትንሹ። የጠገበ እጁን ይታጠብ፣ ግን ከማዕዱ አይነሳ። ሌላው እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ያውራ። ጉርሻ አልቀረም፣ ሰላጣ ሆነ። ዛሬ ሞከርነው። የቲማቲሙ ውሃ በክንዱ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ ገባ፣ ሊያ ጮኸች። ምስሩ ጣፈጠኝ።

ደሜ ይውረድ አይውረድ አላውቅም። አሁንም እፈራለሁ። አሁን ግን መ.ም አብሮኝ ይፈራል፣ ይህ ይሻላል።

በር ላይ ቆሟል። የዌርሃውሱን ከባድ ጫማ አድርጎ፣ ለእግር ጉዞ! ወዴት ነው የምንሄደው ይላል። የትም አልኩት። የትም ማለት የት ነው ይላል። ቆይ፣ ይህን ሰውዬ ዳገቱን ላሳየው።